ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፦ የአመራር ዘይቤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ሥራ እንዴት ይነካል?

ግንቦት ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ወረፋ መያዝ ቅጣት ነው። ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። እኔ ግን አራት ቀን በተከታታይ ያዝኩ። የፈለግኩት አንድ ገጽ የማስረጃ ደብዳቤ ነበር።

ደብዳቤው በመጀመሪያው ቀን ተጽፎ አልቋል። ባለሙያዋ አሳየችኝ። ስሜ ልክ ነው፣ ቁጥር ወጥቶለታል፣ ቀኑም ተጽፏል። የቀረው ፊርማና ማህተም ነው። ማህተሙ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው። እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።

አጠገቤ ከዘጌ በጀልባ የመጡ እናት ተቀምጠዋል። «እናቴ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ» አለቻቸው ባለሙያዋ፣ አንገቷን ደፍታ። «እሺ ልጄ፤ ጀልባው ግን ነገም ብር ይላል» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዓመት ምናምን በኋላ ለሌላ ጉዳይ እዚያው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ያው ነው። ባለሙያዋም ያችው ናት። ኮምፒውተሩ እንኳ አልተቀየረም፤ ሲከፈት እንደ ባጃጅ ያጓራል። ኃላፊው አሁንም ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ደብዳቤዬን በሃያ ደቂቃ ይዤ ወጣሁ። ማህተሙ ባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ደሞዝ አልተጨመረም። ሠራተኛ አልተቀየረም። አዲስ ሕንፃም አልተሠራም። ታዲያ ምን ተለወጠ?

የአመራር ዘይቤ ሲባል ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ዘይቤንና ጠባይን እንለይ። ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው የሚዞሩት ኃላፊ እጅግ ትሑት ሰው ነበሩ። በአራተኛው ቀን ሳገኛቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ነው የጨበጡኝ። ይቅርታም ጠየቁኝ። ክፉ አለቃ ናቸው ብሎ የሚያማቸው አይገኝም። ግን ምንም ነገር በእሳቸው እጅ ሳያልፍ አያልቅም። የተገላቢጦሹም አለ፤ ቶሎ የሚቆጣ፣ ግን ሥራውን ለሰው አምኖ የሚሰጥ።

የአመራር ዘይቤ አንድ ኃላፊ ደጋግሞ የሚሠራበት መንገድ ነው። ማን ይወስናል? መረጃ ለማን ይደርሳል? ሠራተኛ ሲሳሳት ምን ይከተላል? ጥሩ ሲሠራስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች በየቀኑ የሚሰጠው መልስ ሲጠራቀም ዘይቤ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት» ከዚህ ጋር ሊገጥምም ላይገጥምም ይችላል።

«አፈጻጸም» የሚለውንም ቃል እንፍታው። ሱቅ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ማታ ካዝናው ይቆጠራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የሚቆጥረው ብዙ ነው። ጉዳዩ በስንት ቀን አለቀ? ልክ ሆኖ ነው ያለቀው? ለዘመድም ለባዳም እኩል ነው? ባለጉዳዩን ስንት አስወጣው? የመጨረሻውን ማንም አይቆጥረውም። የዘጌዋ እናት የጀልባ ሒሳብ በየትኛውም የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ አይወጣም።

ተመራማሪዎች ስንት ዓይነት አመራር አለ ይላሉ?

ብዙ ነው የሚሉት። ለሁሉም መነሻ የሚሆን አንድ ቀላል ሙከራ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ኩርት ሌዊን የሚባል፣ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአሥር ዓመት ገደማ ልጆችን በትንንሽ ክበባት አደራጀ። ልጆቹ ጭምብልና የመሳሰለውን የእጅ ሥራ ይሠራሉ። የሚመሯቸው አዋቂዎች በየተራ ሦስት ዓይነት ዘይቤ ያሳያሉ። አንዱ ፈላጭ ቆራጭ ነው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው አሳታፊ ነው፤ ከልጆቹ ጋር ተመካክሮ ይወስናል። ሦስተኛው ልቅ ነው፤ ዕቃውን አቅርቦ «እንዳሻችሁ» ብሎ ዳር ይቆማል።

ውጤቱ በ1939 ታተመ። በልቅ መሪ ሥር ብዙም የረባ ሥራ አልተሠራም። በፈላጭ ቆራጩ ሥር የነበሩት መሪው አጠገባቸው እያለ በርትተው ሠሩ፤ ከክፍሉ ሲወጣ ግን ሥራው ወዲያው ረገበ። አሳታፊው መሪ ሲወጣ ልጆቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። የትኛው መሪ እንደሚሻላቸው ሲጠየቁ ደግሞ ከ20 ልጆች 19ኙ ከፈላጭ ቆራጩ ይልቅ አሳታፊውን መረጡ።

ልጆች ናቸው፣ አገሩ አሜሪካ ነው፣ ሥራው ጭምብል ነው። እኛን ምን አገናኘን? እውነት ነው፣ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ጥያቄው ግን የትም ይሠራል፦ አለቃው ከክፍሉ ሲወጣ ሥራው ምን ይሆናል? እኔ የማላውቀውን ቢሮ የምለካው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት አሜሪካውያን የአመራር ተመራማሪዎች፣ ጄምስ ማክግሪገር በርንስ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በርናርድ ባስ ደግሞ በ1985 ሌላ አከፋፈል አመጡ። አንደኛው የሰጥቶ መቀበል አመራር ነው። ሥራህን ሥራ፣ ድርሻህን ውሰድ፤ ካጠፋህ ትጠየቃለህ። በትምህርት ቤት ቋንቋ «ትራንዛክሽናል» የሚባለው ነው። ሁለተኛው «ትራንስፎርሜሽናል» ይባላል፤ ለዋጭ አመራር እንበለው። አለቃው ራሱ አርአያ ይሆናል፣ ሥራው ለማን እንደሚጠቅም ያሳያል፣ «እስቲ አንቺ ምን ይመስልሻል?» ብሎ ይጠይቃል፣ እያንዳንዱን ሠራተኛ በስሙና በችግሩ ያውቀዋል። ባስ ሁለቱን አላጣላቸውም። ለዋጩ በሰጥቶ መቀበሉ ላይ የሚደረብ ነው ያለው። የውሎ አበሉ ለሦስት ወር ላልተከፈለው ሠራተኛ ራዕይ ማውራት ጆሮ አይገባም።

የአለቃው ዘይቤ በምን በኩል ሥራው ጋ ይደርሳል?

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ላይ የጨራጨራ ውሃ መቆጣጠሪያ አለ። በ1988 ዓ.ም. ሲያልቅ ሁለት በር ነበረው። በኋላ አምስት ተጨምሮ ሰባት ሆነ። ሥራው ወደ ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች የሚወርደውን ውሃ መመጠን ነው። በሩ ስለበዛ ቁጥጥሩ አልላላም። የትኛው በር መቼ፣ ምን ያህል እንደሚከፈት ይታወቃል።

መሥሪያ ቤትንም እንዲሁ አስቡት። ጉዳይ ውሃው ነው፤ የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው በሩ። አንድ በር ብቻ ካለ ውሃው ይከማቻል። ለዚህ ኃላፊው ሰነፍ መሆን የለበትም፤ ሒሳቡ ይበቃል። በቀን 60 ደብዳቤ ቢቀርብላቸውና ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጡ አምስት ሰዓት ሄደ። ስብሰባው፣ ፊልዱ፣ ከላይ የሚደወለው ስልክ ገና አልተነካም። ወረፋው ከግቢ ቢወጣ ምን ይገርማል?

በሩን ማብዛት ውክልና ይባላል፤ የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው። የኋለኛው ኃላፊ እንዴት እንዳደረጉት ባለሙያዋን ጠየቅኳት። የተለመደ ማስረጃ እሷ ትፈርማለች። ግራ የሚያጋባ ነገር ካለ ወደ ቡድን መሪው ይሄዳል። ገንዘብና መሬት የነካው ብቻ ኃላፊው ጋ ይገባል። አርብ አርብ ከሰዓት መዝገቡን ገልጠው ከተፈረመው ውስጥ የተወሰነውን ከነፋይሉ ያያሉ። አንድ ጊዜ ስህተት አገኙባት። «ምን አሉሽ?» አልኳት። «እንዴት እንደተሳሳትኩ ጠየቁኝ፤ ከዚያ ፎርሙ ላይ አንድ መስመር አስጨመሩ» አለችኝ።

ይህች አንድ መስመር ወደ ሁለተኛው መንገድ ትወስደናለች። ብዙም አይታይም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። መጥፎ ወሬ ወደ ላይ መውጣት ይችላል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ የነርስ ቡድኖችን አጠናች። በደንብ የሚመሩት ክፍሎች የመድኃኒት ስህተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ነበር የጠበቀችው። ቁጥሩ ተገላብጦ መጣ። ጥሩ የተባሉት ክፍሎች የበለጠ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል! ነገሩ ሲጣራ አንዱ ቡድን ስህተቱን ይናገራል፣ ሌላው ይደብቃል። የሚደብቁት አለቃቸውን የሚፈሩት ናቸው። ያ ቁጥር ስህተትን ከመለካቱ በላይ ፍርሃትን ለክቶ ኖሯል።

አሁን የእኛን ሪፖርት አስቡ። «ዕቅዳችን 98 በመቶ ተሳክቷል» የሚለውን ያልሰማ አለ? አዳራሹ ያጨበጭባል፤ መስኮቱ ጋ ወረፋው እንዳለ ነው። ቁጥር ሲያንስ የሚጮህ አለቃ ቁጥር አንሶ አያይም። ወረፋው ግን በጩኸት አያጥርም። እንዲያውም የት እንደረዘመ የሚነግረው ሰው ያጣል። በባዶ እጁ መወሰን ይጀምራል።

ሦስተኛው መንገድ የሠራተኛው ፍላጎት ነው። ስለሱ ብዙ ስለሚባል አላስረዝመውም። ባለሙያዋ ያለችኝን ብቻ ልንገራችሁ፦ «ድሮ ባለጉዳይ ሲቆጣ አንገቴን እደፋ ነበር፣ ጋሼ። ምን ልበለው? አሁን ቢያንስ የምሰጠው መልስ አለኝ።»

ግን እኛ አገር ቆፍጣና አለቃ አይሻልም ወይ?

ይህን የማይል የለም። «ሕዝባችን ካልተቆጡት አይሠራም» ይባላል። የሚባለው በአብዛኛው በአለቆች ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ ግን ከጊዜና ከሥራው ዓይነት ጋር ይለዋወጣል። እዚሁ ጣና ላይ ያየነውን እንውሰድ። እምቦጭ በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመቻ ተካሄደ! ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ነቅሏል። ሺህ ሰው በተሰለፈበት ዳርቻ ላይ «አንተ በዚህ፣ አንቺ በዚያ» የሚል አዛዥ የግድ ያስፈልጋል። እዚያ ቆሞ «እስቲ እንመካከር» ቢባል ቀኑ ይመሻል። እሳት ሲነሣ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ወረርሽኝ ሲገባም እንዲሁ ነው። ሥራው ግልጽ፣ ጊዜው አጭር ሲሆን ትእዛዝ ያዋጣል።

እምቦጭ ግን ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ይቆያል። ዘመቻው ሲበተን ቀሪው ሥራ የሚወድቀው ዳርቻውን በየቀኑ በሚያይ ሰው ላይ ነው። ይህ ሰው አዲስ ቡቃያ ሲያይ ደብዳቤ ጽፎ መልስ እስኪመጣ ከጠበቀ፣ መልሱ ሲደርስ አረሙ አልጋውን አንጥፏል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ዘመቻ የሌለበት፣ በየቀኑ የሚደጋገም፣ አለቃ በማያይበት የሚሠራ።

ሠራተኛውም ይለያያል። ትናንት የተቀጠረን ልጅ «እንደመሰለህ አድርግ» ማለት ውክልና አይባልም፤ ጥሎ መሄድ ነው። እሱ መመሪያ ይፈልጋል፣ አጠገቡ ቁጭ የሚል ሰው ይፈልጋል። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራችን ሴት ደግሞ ፋይል አወጣጥ ማስተማር ስድብ ነው። ጥሩ አለቃ ለሁለቱ አንድ ዓይነት አይሆንም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከግል ድርጅት በምን ይለያል?

የባጃጅ ባለቤት ሾፌሩ ካልተስማማው ነገ ይቀይረዋል። ጎበዝ ከሆነም ብር ይጨምርለታል። የመንግሥት ኃላፊ ሁለቱንም እንደልቡ አያደርግም። ደሞዝ በስኬል ነው። ዕድገት በማስታወቂያና በውድድር ነው። ሠራተኛ ማሰናበት ሕግና ሒደት አለው። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው፤ አለበለዚያ አለቃ በመጣ ቁጥር ቢሮው በዘመድ ይሞላል።

ስለዚህ የሰጥቶ መቀበሉ መንገድ ለመንግሥት አለቃ ጠባብ ነው። በእጁ የሚቀረው ገንዘብ ያልሆነው ነገር ነው፦ እምነት፣ መረጃ፣ ምስጋና፣ ሥልጠና። አንድ ገንዘብ ነክ ነገር ግን አለ፤ ከቢሮ ውጭ ያለ ሰው አይገምተውም። ማን ፊልድ ይወጣል? ፊልድ ማለት የውሎ አበል ነው። አበሉ የቤት ኪራይ ይደጉማል። ኃላፊው ፊልዱን በተራ ካደለ ቢሮው ሰላም ነው። ለሁለት ወዳጆቹ ብቻ ከሰጠ ስለ አገልጋይነት የሚያደርገው ንግግር ሁሉ ሻይ ቤት መሳቂያ ይሆናል።

ሌላው ፍርሃት ነው። በመንግሥት ቤት ባለመፈረም የተጠየቀ ብዙም አይታይም፤ የሚጠየቀው የፈረመ ነው። ኦዲተር የሚያየው ፊርማውን ነው። ስለዚህ ሠራተኛው «መመሪያው አይፈቅድም» ብሎ ቢመልስህ አትፍረድበት። አጥር እየሠራ ነው። ያንን አጥር የሚያፈርሰው አለቃው ነው፤ «በመመሪያው መሠረት ከሠራሽ ስትጠየቂ አብሬሽ እቆማለሁ» ብሎ፣ ሲመጣም ቆሞ ሲያሳይ።

ታዲያ የለውጥ መሣሪያ መቼ ጠፋ? አገሪቱ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ የጀመረችው በ1988 ዓ.ም. ነው። ቢፒአር (የሥራ ሒደትን ከሥሩ የመቀየር ዘዴ) መጣ፣ ውጤት ተኮር (ሥራን በውጤቱ የመመዘን ዘዴ) መጣ፣ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት (ሠራተኛን በትንንሽ ቡድን የማደራጀት ዘዴ) መጣ፣ ካይዘን (የጃፓኖች የደረጃ በደረጃ ማሻሻያ ዘዴ) መጣ። እያንዳንዱ ሥልጠና ነበረው፣ ቦርድ ነበረው፣ ምሕፃረ ቃልም ነበረው። በአንዱ ቢሮ ጠረጴዛው ጸድቶ ሥራው ቀለለ። በሌላው ቢሮ ጠረጴዛው ላይ መለያ ተለጠፈና እዚያው ቆመ። መሣሪያው አንድ ነው፤ የያዘው እጅ ለየቅል ነው።

ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የአለቃው ነው?

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እንላለን። ጣና ዳር ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች አይታችኋል? ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ገና ሲወጣ መጀመሪያ የሚያወጡት የሆድ ዕቃውን ነው። እዚያ ነው ቶሎ የሚበላሸው። ተረቱ ግማሽ እውነት ነው ማለት ነው።

የመሥሪያ ቤትም ሆድ ዕቃ አለው። መብራት ይጠፋል። «ሲስተም የለም» ይባላል። መደቡ ለዓመታት ክፍት ሆኖ ሦስት ሰው የስድስት ሰው ሥራ ይሠራል። አንዱ መመሪያ ሌላውን ይጣላል። ደሞዙ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ክልሉ በገባበት ግጭት መንገድ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት ተቋርጧል። እንኳን አለቃ መልአክ ቢሾም ወረቀት ለሌለው ፕሪንተር ምንም አያደርግም። ኃላፊው ራሱም የበላይ አለው። ከላይ በስልክ የሚታዘዝ ሰው ወደ ታች ሥልጣን ማካፈል ይከብደዋል፤ ያልተሰጠውን ከየት ያመጣል?

ጥናቶቹን ምን ያህል እንመን?

«የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል የማስተርስ መመረቂያ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ሞልቷል። አብዛኛው የሚሠራው በመጠይቅ ነው። በባስና በባልደረባው የተዘጋጀው ታዋቂው መጠይቅ 45 ጥያቄ አለው። ሠራተኛው አለቃውን ይመዝናል፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ወረቀት ላይ የራሱንም ሥራ ይመዝናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አለቃዬን ከወደድኩ ለሁሉም ነገር «በጣም እስማማለሁ» እላለሁ። ከተጣላሁ ለሁሉም «በጣም አልስማማም»። ሁለቱ አብረው ቢወጡና ቢወርዱ አንዱ ሌላውን አመጣው ለማለት አያስደፍርም። ምናልባት ሥራው ጥሩ ስለሆነ ይሆናል አለቃውም ጥሩ የመሰለው። መዝገብ ቆጥሮ፣ ጉዳይ የፈጀውን ቀን ለክቶ የመጣ ጥናት ስታገኙ እሱን አስቀድሙ።

ባለጉዳይ በምን ያውቃል?

በር ላይ የዜጎች ቻርተር ከተለጠፈ አንብቡት፤ አገልግሎቱ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ ይናገራል። ከዚያ ጥበቃውን «ኃላፊው ከሌሉ ማን ይጨርስልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የክፍል ቁጥር ከሆነ ግቡ። መልሱ «ይጠብቋቸው» ከሆነ ውሃ ግዙና ጥላ ፈልጉ።

ባለፈው ወር እኔም ጠየቅኩ። «ኃላፊው ሰሞኑን ተቀይረዋል፤ ግን ይግቡ፣ መስኮት ሦስት» አለኝ ጥበቃው። ገባሁ። ማህተሙ አሁንም ባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። አዲሱ ኃላፊ በመጡ በሁለተኛው ቀን «ማህተሙን ወደ እኔ አስገቡት» ብለው ነበር አለችኝ። እሷም ማህተሙን ከአርቡ መዝገብ ጋር ይዛ ገባች። መዝገቡን ሁለት ሳምንት እቤታቸው ወስደው አዩት። ሲመልሱት ማህተሙንም አብረው መለሱላት።